መስኮቱን ማን ዘጋው?

የሊማ ሐምሌ ዝናብ አያውቅም፤ ጉም ነው የሚያለቅሰው፣
ከባሕር ተነሥቶ፣ የሰጣነውን አንሶላ መልሶ የሚያርሰው።
በዚያ ጉም መሐል፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ፣
ከላቦራቶሪ ወረቀት መጣች፤ እጥፏን ፈትቼ ባይ፣
ዘጠነኛው አልጋ። አክታው ውስጥ ተገኝቷል።
«የሳንባ ምች ነው» ስንል ስድስት ቀን ከሰው መሐል ተኝቷል።

ዶን አናክሌቶ ዕድሜውን የቆመው የአውቶቡስ በር ላይ ነው፣
የፌርማታ ስም እየጠራ፤ ድምፁ ሦስት ሰፈር ያቋርጥ ነበር።
አሁን የሚጠራው ፌርማታ አንድ ብቻ፦ ሳል።
ከዚያ ዝምታ። ከዚያ ሳል።

ዘናይዳ መጣች፣ የተላላፊ በሽታ ተቆጣጣሪዋ፣
መነጽሯ ግንባሯ ላይ፣ እርሳሷ ጆሮዋ ላይ፦
«ማን ገባ? ስንት ሰዓት ቆየ? የትኛውን ጭምብል አድርጎ?»
የተረኞችን መዝገብ ዘረጋሁ። ስም መጻፍ ጀመርን።

ራሚሮ፣ ተለማማጁ ሐኪም፣ ጀርባውን ለማዳመጥ የተጠጋ።
ኦብዱሊያ፣ ሾርባውን በማንኪያ ያጎረሰችው።
ሚላግሮስ፤ እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ።
አራት ወሯ ነው። ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ፣
ልብስ መቀየሪያው ውስጥ፣ በሹክሹክታ።
ስሟን ጻፍኩ፤ ምሥጢሯን አልጻፍኩም።
«እሷን ለብቻዋ አናግሪያት» አልኩ።
ዘናይዳ ቀና ብላ አየችኝ። ገባት።

«ኒካኖርስ?»
«እሱ የእኛ አይደለም፤ የጽዳት ድርጅቱ ሠራተኛ ነው»
አለ የአስተዳደሩ ሰው በስልክ።
«ሳንባውስ የማን ነው?» አልኩት። ስልኩ ተዘጋ።
ኒካኖርን ከሁሉም በላይ አናት ላይ ጻፍኩት፦
በየማለዳው ከዚያ አልጋ ሥር ተንበርክኮ የሚወለውለውን፣
ሚስቱ በሰፋችለት፣ አበባ ባለበት የጨርቅ ጭምብል።

ከዚያ የመጨረሻውን ጠየቀች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፦
«ይህንን መስኮትስ ማን ዘጋው?»

ይህን ሕንጻ የሠሩት ሰዎች ክኒን አያውቁም ነበር፤
ጣሪያውን ያራቁት፣ መስኮቱን ያሰፉት ነፋስ ብቻ ስለነበራቸው ነው።
ነፍስና ነፋስን የምትለያቸው አንዲት ፊደል ናት፤
እሷም ብትሆን ከንፈር መክፈት ብቻ ነው የጎደላት።

እኔ ነኝ።
ሰኞ ሌሊት «ልጄ፣ በረደኝ» አለኝ።
እግሩን ነካሁት፤ በረዶ ላይ የዋለ ዓሣ።
ትርፍ ብርድ ልብስ አልነበረም።
መቀርቀሪያውን ገፋሁት፣ ጋዜጣ አጥፌ ስንጥቁን ደፈንኩት፤
«እግዜር ይስጥሽ» ብሎ ተኛ።
ርኅራኄዬ ክፋት አልነበረበትም፤
መቀርቀሪያ ግን ያውቅ ነበር።

ዶን አናክሌቶን ለብቻው ወደሚተኛበት ክፍል ስንገፋው፣
በሩ ጋ ስንደርስ፣ ከጭምብሉ ሥር፣
«ወራጅ አለ!» አለ።
ሳቅን። እሱም ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ሳል ተቀየረ፤ እኛም ዝም አልን።

ክንዳችን ከተወጋ በሁለተኛው ቀን ተሰለፍን።
ዘናይዳ እንደ ልብስ ሰፊ በማስመሪያ እብጠት ትለካለች።
ራሚሮ፣ ምንም። ኦብዱሊያ፣ የወባ ትንኝ የነከሳት ያህል።
ሚላግሮስ ለብቻዋ ገባች፤ ስትወጣ ፊቷን አላነበብኩም።
ኒካኖር፣ አሥራ አራት ሚሊ ሜትር።
«ይህ ማለት ታመሃል ማለት አይደለም፤ ምናልባት ውስጥህ የተኛ ነገር አለ።
ራጅ ትነሣለህ፣ እንዳይነቃም ክኒን ይኖራል።»
እጅጌውን እየመለሰ ጠየቃት፦ «የዛሬው ቀን ይቆረጥብኛል?»

እኔን አልለካችኝም። የእኔ ክንድ ከሃያ ዓመት በፊት አብጧል፤
እንደኔ ያለው የሚጠበቀው በሳሉና በክብደቱ ነው።
ለዘጋሁት መስኮትም ማስመሪያ የላትም።

ጋዜጣውን ከስንጥቁ ነቀልኩት። ርሶ ፊደሉ ጠፍቷል።

ሌሊት ዘጠነኛው አልጋ ላይ አዲሷ ታማሚ «በረደኝ» አለችኝ፣
በእነዚያው በአሮጌው ሰውዬ ዓይኖች እያየችኝ።
ከቤት ያመጣሁትን የሱፍ ካልሲ እግሯ ላይ አጠለቅሁ፣
ብርድ ልብስ ፍለጋ እስከ ሦስተኛው ፎቅ ዘለቅሁ።
መስኮቱ ክፍት ነው፤ ጉሙ ገባ፣ ወጣ።
እጄ ግን፣ አልዋሽም፣ እስከ መቀርቀሪያው ሄዶ ነው የመጣ።